ኮሞዶር 64 በዋይፋይ አማርኛ እንዲያነብ፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ገዛሁት። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከአንድ አዛውንት ላይ፣ በ60 ዩሮ። ምድር ቤት ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደኖረ ነገሩኝ። ኮሞዶር 64 ነው፤ የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር፣ ጀርመኖች በቅርጹ የተነሣ «የዳቦ ሳጥን» የሚሉት። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ምዕራብ ጀርመን እንደተሠራ ይናገራል።

ለጌም አይደለም የፈለግኩት። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ በቴሌግራም የምትጽፍልኝ መልእክት በዚህ ማሽን ስክሪን ላይ በራሳችን ፊደል ወጥቶ ማየት እፈልጋለሁ። በቤቴ ዋይፋይ። ማሽኑ በ1982 ሲወጣ ዋይፋይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የእኛም ፊደል ውስጡ የለም። ሁለቱንም እኔ ላስገባለት ነው። የሠራሁትን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሞክረው እኔ በተሰናከልኩበት እንዳይሰናከል።

እሑድ

ማሽኑን አላበራሁትም። መጀመሪያ አብሮት የመጣውን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው በቴስተር ለካሁት። ሁለት ነገር ነው መስጠት ያለበት፦ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። ኤሲው ደህና ነው። ዲሲው 5.6 አለኝ።

ነቅዬ አስቀመጥኩት። የእነዚህ የድሮ ፓወር ሰፕላዮች ሆዳቸው በደረቀ ሙጫ የተሞላ ነው፤ ሙቀት አያስወጣም፣ ተከፍቶም አይጠገንም። ሲያረጁ 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሽና ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ማሽኑ ዝም ብሎ መሥራት ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ ግን የሜሞሪ ቺፖቹን አቃጥሎ ነው የሚያቆመው። አሮጌ ኮሞዶር የገዛ ሰው ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ከእኔ ቢይዝ ደስ ይለኛል፤ ሳትለካ አትሰካ። አዲስ አዘዝኩ።

ማክሰኞ

አዲሱ ደረሰ፤ 5.1 ቮልት። ሰካሁ፣ አበራሁ። ሰማያዊው ስክሪን መጣ። 38,911 ባይት ነፃ ይላል፤ 64 ኪሎ ባይት ካለው ማሽን ለቤዚክ፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ላለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሚተርፈው እሱ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፣ ሁሉም ይሠራሉ። አዛውንቱ በደንብ ነው የያዙት።

ዋይፋዩን የሚያመጣልኝ ኢኤስፒ8266 የሚባለው ቺፕ ነው። ዲ1 ሚኒ በሚባል ቦርድ ላይ ተተክሎ ይሸጣል፤ ቦርዱ ከክብሪት ሳጥን ያንሳል። ፍጥነቱ 80 ሜጋኸርትዝ ነው። የአውሮፓው ኮሞዶር 64 ፕሮሰሰር ደግሞ 0.985 ሜጋኸርትዝ፤ ስለዚህ ቦርዱ ከኮምፒውተሩ 80 እጥፍ ይፈጥናል። ቦርዱ ላይ ዚሞደም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩበት። ይህ ፕሮግራም ቦርዱን እንደ ድሮ የስልክ ሞደም፣ ኮምፒውተርን በስልክ መስመር እንደሚያገናኘው መሣሪያ፣ ያስመስለዋል፤ ኮሞዶሩ ስልክ የሚደውል ይመስለዋል፣ ቦርዱ ግን በዋይፋይ ይገናኝለታል። በጣም የወደድኩት ሐሳብ ነው፤ አሮጌው ማሽን ምንም አዲስ ነገር መማር የለበትም።

እግረ መንገዴን ልናገር። በ80ዎቹ እዚህ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ፖስታ ቤቱ ያልፈቀደውን ሞደም ከስልክ መስመር ጋር ማገናኘት ክልክል ነበር። የሐምቡርግ የኬዮስ ኮምፒውተር ክለብ ልጆች ታዲያ የስልኩን እጀታ የሚያቅፈውን ጎማ ከመጸዳጃ ቤት የቧንቧ ዕቃ ላይ ወስደው በድምፅ የሚሠራ ሞደም ፈጠሩ። ስሙንም በዚያው አወጡለት፣ ዳተንክሎ ብለው፤ «የመረጃ መጸዳጃ ቤት» ማለት ነው። የእኔ ቦርድ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ግን ሶልደር ሳደርግ እነሱን እያሰብኩ ነበር።

ኀሙስ

ማሽኑ ከኋላው ዩዘር ፖርት የሚባል የውጭ ዕቃ መሰኪያ አለው። የቦርዱ ጠርዝ ራሱ ነው ወጥቶ የሚታየው፤ ከላይ 12፣ ከታች 12 ጥርስ። የላዮቹ በቁጥር ይጠራሉ፣ የታቾቹ በላቲን ፊደል። የሚገባው መረጃ በቢ እና በሲ ነው የሚያልፈው፤ ሁለቱ በሽቦ መያያዝ አለባቸው። መረጃ መምጣት ሲጀምር ቢ ማሽኑን ይቀሰቅሰዋል፣ ቢቱ ራሱ ደግሞ በሲ ይነበባል። የሚወጣው በኤም ነው። ኤን ግራውንድ። አራት ጥርስ፣ አለቀ።

ከመስካቴ በፊት ግን ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሠርቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ያየሁትም አስደነገጠኝ። የላዮቹ 10 እና 11 ላይ 9 ቮልት ኤሲ አለ። ማገናኛው ተገልብጦ ቢሰካ ቢ የሚያርፈው 11 ላይ፣ ሲ የሚያርፈው 10 ላይ ነው። እኔ ቢን ከሲ ጋር አያይዣቸዋለሁ። የኤሲውን ሁለት ጫፍ በገዛ እጄ ሾርት አደረግኩት ማለት ነው፣ በዚያ ላይ የዋይፋይ ቦርዱም አብሮ ይቃጠላል። ወረቀት ላይ ስላየሁት እግዚአብሔር ይመስገን። በጥርሶቹ መሃል ሁለት ስንጥቆች አሉ፣ አንዱ በ1 እና በ2፣ ሌላው በ10 እና በ11 መካከል። ማገናኛው ውስጥ በእነሱ ትክክል ከድሮ የባንክ ካርድ የቆረጥኳቸውን ቁራጭ ፕላስቲኮች አጣበቅኩ። አሁን ተገልብጦ በጭራሽ አይገባም።

ኃይልን በተመለከተ፣ ዩዘር ፖርቱ 5 ቮልት ይሰጣል ግን ከ100 ሚሊአምፒር በላይ መጠየቅ የለበትም። ኢኤስፒው በዋይፋይ ሲያሰራጭ ለቅጽበት ከ300 በላይ ይስባል። ስለዚህ ለቦርዱ የራሱን የስልክ ቻርጀር ሰጠሁት፣ ግራውንዱን ብቻ ከኮሞዶሩ ጋር አገናኝቼ። ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ሶኬት ነው የማበራው፣ አንዱ በርቶ ሌላው ጠፍቶ እንዳይቆይ።

ቅዳሜ

ቀኑ ሙሉ የሄደው በሁለት ሬዚስተር ነው።

ኮሞዶሩ በ5 ቮልት ይናገራል፣ ኢኤስፒው 3.3 ብቻ ነው የሚችለው። ከኢኤስፒ ወደ ኮሞዶር ችግር የለም፣ 3.3 ቮልቱን ኮሞዶሩ «አንድ» ብሎ ይቀበለዋል። ከኮሞዶር ወደ ኢኤስፒ ግን መቀነስ አለበት። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ አንድ የ1 ኪሎ ኦም እና አንድ የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ሒሳቡ 3.33 ይላል።

ከሞደሙ የሚመጣው ይታያል፣ እኔ የምጽፈው ግን አይደርስም። ሽቦ ፈተሽኩ፣ ሶልደሩን ደግሜ አቀለጥኩ፣ ፕሮግራሙን ቀየርኩ። ሲበራ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አምስት ስድስት ትርጉም የሌለው ምልክት ይረጫል፣ እሱን የችግሩ ምንጭ አድርጌው ብዙ ሰዓት ፈጀሁ። እሱ ጤና ነው። ኢኤስፒው ሲነሣ በሰከንድ በ74,880 ቢት ፍጥነት ስለ ራሱ ይለፈልፋል፣ ኮሞዶሩ በ1200 ስለሚያዳምጥ ዝባዝንኬ ሆኖ ይታየዋል።

ማታ ላይ ነው ቴስተሩን ራሱ ኤም ጥርስ ላይ ያደረግኩት። 5 መሆን ሲገባው 2.6። ከሬዚስተሮቹ በኋላ 1.7። ገባኝ። ኮሞዶሩን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው 6526 የተባለው ቺፕ መስመሩን ወደ ታች ለመሳብ ጉልበት አለው፤ ወደ ላይ ለመግፋት ግን አቅሙ ደካማ ነው። የእኔ ሬዚስተሮች ትንሽ ስለሆኑ ብዙ ጅረት ይጠይቁታል፣ እሱ ደግሞ አይችልም። ኢኤስፒው «አንድ» ብሎ የሚያምነው ከ2.5 ቮልት ግድም ጀምሮ ነው፣ እኔ የምሰጠው 1.7። በ10 እና በ20 ኪሎ ኦም ቀየርኳቸው፤ ምጣኔው ያው ነው፣ ሸክሙ ግን አንድ አሥረኛ። ኤም ላይ 4.7፣ ኢኤስፒው ጋ 3.1።

ጻፍኩ። ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ብቻዬን ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

እሑድ

ዋይፋይ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ጊዜ ፓስወርዱ አልቀበል አለኝ። ኮሞዶሩ የራሱ የፊደል ኮድ ነው ያለው፣ ትልልቁና ትንንሹ የላቲን ፊደል ከዛሬው ኮድ ጋር ተገለባብጦ ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ትክክል የጻፍኩት ፓስወርድ ሞደሙ ጋ ተገልብጦ ይደርሳል። ቦርዱን ነቅዬ ከላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ አንዴ ሞላሁለት፣ አስቀመጠው፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ኢኤስፒው 2.4 ጊጋኸርትዙን እንጂ 5ቱን አያይም፣ ራውተሩ ላይ እሱ መብራቱን ማየት ነው።

በቤዚክ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። እዚህ ጋ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ፤ የሞደሙን መስመር የሚከፍተው ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ተለዋዋጮች ሁሉ በፊት መምጣት አለበት። ማሽኑ መስመሩን ሲከፍት 256፣ 256 ባይት የሆኑ ሁለት ማቆያዎች ከሜሞሪው አናት ላይ ይቆርጥና ያሉትን ተለዋዋጮች በሙሉ ያጠፋል። ይህን የመቆረጥ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፍጥነቱን 1200 ላይ ተውኩት። በ1200 አንድ ቢት ለማንበብ ፕሮሰሰሩ 821 ዑደት አለው፣ ይበቃዋል። በ9600 ግን 102 ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሥዕሉን የሚሠራው ቺፕ በየስምንት መስመሩ እስከ 43 ዑደት ይሰርቀዋል። 9600 የሚያስኬዱ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፣ ሌላ ተጨማሪ ሽቦ የሚፈልግ። ለአማርኛ መልእክት 1200 ማለት በሰከንድ 120 ፊደል ነው። ሰው ከዚያ በላይ አያነብም።

ረቡዕ

የሳምንቱ ምርጥ ቀን። ፊደል እየሣልኩ ነው።

ኮሞዶር 64 በአንድ ጊዜ 256 ዓይነት ምልክት ያሳያል፣ ቅርጻቸውንም አንተ ሥለህ መስጠት ትችላለህ። እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ፣ 8 ባይት። ሁሉም አንድ ላይ 2048 ባይት። የእኛ ፊደል ደግሞ ከሀ እስከ ፐ 33 ቤት በ7፣ 231። ይገባል! ይህን ሒሳብ ስሠራው እጄ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንኩም። ይህ ማሽን ሲሠራ ስለ እኛ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ግን ቦታው ነበር።

የቀረው 25 ነው። ክፍት ቦታ አንድ። ቁጥር 10። ከዚያ ። ፣ ፤ ፦ ? ! ስድስት። የተረፉት ስምንት ቦታዎች ለዲቃላዎቹ ሆኑ፦ ሏ ቷ ሯ ሷ ኗ ዷ ጓ ቋ። ኳ ቀረ፣ «ኳስ» «ኩዋስ» ተብሎ ይጻፋል። ቨም ቀረ፣ ቪዛ ቢዛ ይሆናል። ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ ብቀላቅል ቦታ እንደማገኝ አውቃለሁ፤ አላደርገውም። እህቴ ሠላምን በንጉሡ ሠ ነው የምትጽፈው፣ እንደጻፈችው ይድረሰኝ።

በስኩዌር ወረቀት ላይ በእርሳስ ነው የምሥለው። ፊደላቱ እንዳይጣበቁ አንዱ ዓምድ ባዶ መሆን አለበት፣ ስለዚህ በእውነት ያለኝ ወርድ 7 ነጥብ ነው። ለ ቀላል ነው። ሉ ላይ ቅጥያው ከቀኝ እግሩ ወገብ ይወጣል፣ ሊ ላይ ከታች። ሌ ነው ያስቸገረኝ። ቀለበቱን በ2 በ2 ነጥብ ስሠራው የወፈረ ሊ እንጂ ሌ አይመስልም፤ ከአንድ ሜትር ርቀህ ስታየው ጭራሽ አይለይም። 3 በ3 አድርጌ መሃሉን አንዲት ነጥብ ባዶ ስተውለት ቀለበት ሆነ። አንዲት ነጥብ! ከዚያ በኋላ ኃምስ የሆኑትን ሁሉ ተመልሼ አስተካከልኳቸው። ሦስት እግር ያላቸው፣ እነ ሐ፣ እነ ጠ፣ እነ ጨ፣ ጭንቅ ናቸው። ጬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሥዬዋለሁ፣ አሁንም ልቤ አልረካም።

ሌላም ነገር አየሁ። ጠቋሚው ብልጭ ሲል ማሽኑ የሚያደርገው ከታቹ ያለውን ምልክት ኮድ በ128 መለወጥ ነው። መደበኛው የምልክት ስብስብ ላይ ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ግልባጭ ስለሆነ ያምራል። የእኔ ስብስብ ላይ ግን ሁለተኛው ግማሽም ፊደል ነው፤ ስለዚህ ጠቋሚው ባዶ ቦታ ላይ ሌላ ፊደል እያሳየ ያጠፋል። ጠቋሚውን አስወጣሁት። ፊደሉን በቀጥታ የስክሪን ሜሞሪው ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ከ1024 ጀምሮ፣ 40 በ25።

ዓርብ

በመሃል የሚያስተረጉም ያስፈልጋል። ቴሌግራም ላይ አንድ ፊደል በሦስት ባይት ነው የሚመጣው፣ ለኮሞዶሩ አንድ ባይት ነው የምሰጠው። አንዲት ራስፕበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በፓይተን ቋንቋ ጻፍኩት። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ በ1999 ነው የገባው፣ ሀ 4608 ላይ ነው፣ ለ 4616 ላይ። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው 4608 ቀንሰህ ለ8 ስታካፍል ቤቱን፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ሣልስ ይነግርሃል። በጣም የተስተካከለ ነገር ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ነበረው፣ በአንዱ የጻፍከው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል ነበር። እኔም አሁን ለአንድ ማሽን ብቻ የሚሆን የራሴን ኮድ መሥራቴ ነው፣ ግን ፓይዋ መሃል ስላለች ወደ ውጭ አይወጣም።

የመጀመሪያ ሙከራ፣ «ሀገር» ብዬ ላክሁ። የወጣው «ገር»። «ሀሳብ» ላክሁ፣ «ሳብ»። ሀ የለም! ወረቀቱ ላይ አለ፣ ሜሞሪው ውስጥም አለ፤ በእጄ ሳስቀምጠው ይታያል። ለካ ሀን የመጀመሪያ ስለሆነ ኮድ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ፣ ቤዚክ ደግሞ ከሞደሙ ዜሮ ሲመጣ እንደ ባዶ ነው የሚቆጥረው፤ «ምንም አልመጣም» እና «ዜሮ መጣ» ለእሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ዜሮ አይላክም። ፦ ን ሠውቼ ሀን በእሱ ቦታ አስቀመጥኩት። ሀገርም ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ረጅም መልእክት ሲመጣ መጨረሻው ይቆረጣል። በሰከንድ 120 ፊደል እየመጣ ቤዚክ ግን በሰከንድ ሠላሳ እንኳ አያስቀምጥም፤ 256ቱ ማቆያ ይሞላና የተረፈው ይፈሳል። አሁን ፓይዋ 40 ፊደል ልካ ትቆማለች፣ ኮሞዶሩ አስቀምጦ ሲጨርስ አንዲት ምልክት ይልክላታል፣ ትቀጥላለች።

ቅዳሜ

ማታውን ራሱ እየላከ እንዲያድር አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ስክሪኑ ላይ አንድም የሚነበብ ፊደል የለም። ሁሉም የተበተነ ነጥብ። ያ ሁሉ የሣልኩት።

አጥፍቼ አበራሁት፣ ደህና ነው። እንደገና መላክ አስጀምሬው ቡናዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ደህና ሠራ። ከዚያ ቋ ፈረሰ። ቀጥሎ ጓ፣ ዷ። ከዚያ ። እና ፣። ከዚያ ቁጥሮቹ። ከሰንጠረዡ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እየበላ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው።

ያንን የመቆረጥ ነገር አስታወስኩ። ፊደሎቼ ያሉት ከ12288 እስከ 14335 ነው። ቤዚክ እንዳይነካቸው ጣሪያውን 12288 ላይ አድርጌበት ነበር። የሞደሙ መስመር ሲከፈት ግን ማሽኑ የእኔን ጣሪያ አያይም፤ የራሱን ሌላ ጣሪያ አይቶ፣ ከእሱ ላይ 512 ቆርጦ፣ የቤዚኩን ጣሪያ 40448 ላይ መልሶ ይሰቅለዋል። ከሞደሙ የሚመጣ እያንዳንዱ ፊደል ከዚያ ጣሪያ አንድ ባይት እየያዘ ይወርዳል። 26,112 ፊደል ሲመጣ ሰንጠረዤ ላይ ደረሰ። የተበተኑት ነጥቦች የመጣው ጽሑፍ ራሱ ናቸው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ሞደሙን ከመክፈት በፊት የማሽኑን የራሱን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ፣ 644 ላይ 48 ማስቀመጥ (48 ጊዜ 256፣ 12288 ነው)። ማቆያዎቹም ከፊደሎቼ ሥር ይቆረጣሉ። ቀን ሙሉ ሄደ፣ ማታም ሄደ፣ ምንም አልፈረሰም።

እሑድ

ለእህቴ «ጻፊልኝ» አልኳት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ቲቪው ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ፊደሉ አንድ በአንድ መጣ፣ ነጭ በሰማያዊ ላይ፦ «ሠላም ወንድምዬ ደህና ነህ? ጋቢውን መርጬልሃለሁ። በሚመጣው ሰው እልካለሁ።» የሠላም ሠ ንጉሡ ሠ ሆኖ ነው የመጣው።

ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። የድምፅ መልእክት መለሰችልኝ፣ መጀመሪያ እልል አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንዴ፣ መርጪልሃለሁ ነው እንዴ የሚለው?»

ልክ ናት። ቀርቤ አየሁት፣ ጬ ጪ ይመስላል። ስኩዌር ወረቀቱን መልሼ አወጣሁ። የግራ እግሩን አንድ ነጥብ ወደ ውስጥ ካስገባሁት በቀኝ በኩል ለቀለበቱ ቦታ ይገኛል።